የሃይማኖተኛ ኪቡትዝን ታሪክ ለአዳማ አድማጭ ማዘጋጀት

አዳማ ውስጥ በንባብ ክበብ ስለ አይሁዳውያን የኅብረት እርሻ መንደር ለመናገር የሚዘጋጅ ሰው ኪቡትዞችን ሁሉ ከመዘርዘር አንዱን መርጦ ቢዘልቅበት ይሻላል። እኔ የምመርጠው በእስራኤል፣ በቤት ሸአን ሸለቆ የሚገኘውን ሃይማኖተኛ ኪቡትዝ፣ ቲራት ጽቪን ነው።

በቅድሚያ ዘመኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ይመልሱት። መንደሩ የተመሠረተው እንደ አውሮፓውያን ጁን 30 ቀን 1937፣ ማለትም ሰኔ 23 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው፤ አገራችን በጣሊያን ወረራ ሥር የነበረችበት ወቅት መሆኑን ሲያክሉበት አድማጭ ዘመኑን ወዲያው ያገኘዋል።

ቀጥሎ ኪቡትዝ ደቦ አለመሆኑን ያስረዱ። በደቦ ሰው የአንዱን ማሳ አጭዶ ሲጨርስ ወደየግሉ ይመለሳል፤ በኪቡትዝ ግን ማሳውም፣ ምርቱም፣ ማዕዱም የጋራ ነበር። በደርግ ጊዜ የአምራቾች ማኅበርን ያዩ አባቶች መጠየቃቸው ስለማይቀር፣ አባልነቱ በፈቃድ እንደነበረ አስቀድመው ይናገሩ።

መሥራቾቹ በአብዛኛው ከጀርመንና ከፖላንድ የመጡ ወጣቶች ሲሆኑ፣ እንደ ዘመኑ ልማድ ማማና አጥር በአንድ ቀን አቁመው ሰፈሩ። በየካቲት 1930 ዓ.ም. የደረሰባቸውን ጥቃት መክተዋል። ይህን ሲተርኩ ግን፣ አረቦች በእንግሊዝ አገዛዝና በአይሁዳውያን ፍልሰት ላይ አምፀው የነበሩበት ጊዜ መሆኑን አይዝለሉ፤ ያለዚያ ታሪኩ ጎዶሎ ይሆናል። ስለ ቦታው ሲናገሩ፣ ሸለቆው እንደ አዳማ ሞቃት ቢሆንም ከባሕር ጠለል በታች ከ200 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ እንደሆነ፣ በሰኔ 1934 ዓ.ም. ደግሞ 54 ዲግሪ ሙቀት እንደተመዘገበበት ያንሡ።

ሰፊውን ጊዜ ለሰንበት ይተዉ፤ ይህን መንደር ሃይማኖተኛ ካልሆኑት ኪቡትዞች የሚለየው «ኦሪትና ሥራ» የሚለው መርሑ ነውና። ኦሪት ከብት እንኳ በሰንበት እንዲያርፍ ያዛል፤ ግቷ የሞላ ላም ግን ካልታለበች ትሠቃያለች፣ እንስሳን ማሠቃየትም በሕጉ የተከለከለ ነው። መልሱን ከመናገርዎ በፊት ላም ያላቸውን አድማጮች ምን ያደርጉ እንደነበር ይጠይቋቸው። ከዚያም ከራቢዎች የመጣውን አንዱን መፍትሔ ይንገሯቸው፦ ላሚቱ ከሥቃይዋ እንድትገላገል ትታለባለች፣ ወተቱ ግን ጥቅም ላይ እንዳይውል መሬት ላይ ይፈስሳል። የማለቢያ ማሽን ሌላ መንገድ እስኪከፍት ድረስ፣ ከእርሻ የሚኖር ድሃ መንደር የሰንበቱን ወተት እንዲህ ሲያፈስስ ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ ማስረዳት አያስፈልግዎትም፤ ባለላሞቹ ያውቁታል።