የእንግሊዝኛ ሐረጎችን ዓይነት እንዴት መለየት ይቻላል?

ደሴ ውስጥ ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ የሐረግ ዓይነቶችን ጠይቁት፤ ስማዊ፣ ግሳዊ፣ ቅጽላዊ፣ ተውሳከ ግሳዊ፣ መስተዋድዳዊ ብሎ በአንድ ትንፋሽ ይዘረዝራል። ዓረፍተ ነገር ሲቀርብለት ግን ይደናገራል። ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። የሐረጉን መሪ ቃል፣ ማለትም ሐረጉ የቆመበትንና ስያሜውን የሚያገኝበትን ዋና ቃል፣ የሚፈልገው በአማርኛው ልማድ ከመጨረሻ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ሐረግ መሆኑን ያረጋግጡ። «ዘ ባስ ሃዝ ስቶፕድ» ባለቤትና ማሰሪያ ግስ ስላለው ዓረፍተ ነገር ነው። «ዘ ባስ ፍሮም ኮምቦልቻ» ግን አውቶቡሱ ምን እንዳደረገ ስለማይነግረን ሐረግ ነው።

ቀጥሎ መሪውን ቃል ይፈልጉ፤ ትልቁ ሥራ ይህ ነው። «ፒያሳ ያሉት ሱቆች» ስንል መሪው «ሱቆች» መጨረሻ ላይ ይመጣል። እንግሊዝኛው «ዘ ሾፕስ ኢን ፒያሳ» ብሎ ሱቆቹን ያስቀድማል። ጥርጣሬ ከገባዎት ግሱን ይመልከቱ። «ዘ ሾፕስ ኢን ፒያሳ አር ክሎዝድ» ሲባል ብዙ ቁጥር አመልካቹ «አር» የተስማማው ከሱቆቹ እንጂ ከፒያሳ ጋር አይደለም።

መሪው ከተገኘ ስያሜው ቀላል ነው። ስም ከሆነ ስማዊ፣ እንደ «ቬሪ ታይርድ» ቅጽል ከሆነ ቅጽላዊ፣ እንደ «ቬሪ ስሎውሊ» ተውሳከ ግስ ከሆነ ተውሳከ ግሳዊ ነው። «ሃዝ ቢን ዌይቲንግ» ግሳዊ ነው። «ኢን ፒያሳ» ደግሞ በመስተዋድድ ስለሚመራ መስተዋድዳዊ ይባላል።

የሐረጉ ድንበር የት ላይ እንደሚያበቃ ካልታወቀ በተውላጠ ስም ይተኩት። «አይ ኮልድ ዘ ድራይቨር ፍሮም ኮምቦልቻ» የሚለውን እንይ። የኮምቦልቻውን ሾፌር ደወልኩለት ማለት ከሆነ፣ ከ«ዘ ድራይቨር» እስከ «ኮምቦልቻ» ያለው ሁሉ አንድ ስማዊ ሐረግ ነው፤ «አይ ኮልድ ሂም» ብለን እንጨርሳለን። ኮምቦልቻ ሆኜ ለሾፌሩ ደወልኩ ማለት ከሆነ ግን «አይ ኮልድ ሂም ፍሮም ኮምቦልቻ» ይሆናል፤ መስተዋድዳዊው ሐረግ ከሾፌሩ ተላቆ ግሱን ይገልጻል። ቃላቱ አልተለወጡም፣ ዓይነቱም መስተዋድዳዊ እንደሆነ ነው፤ የተለወጠው ሥራው ነው። ዓይነትና ሥራ ለየብቻ የሚጠየቁ ጥያቄዎች መሆናቸውን መምህራን አጥብቀው ቢያስተምሩ እወዳለሁ።

በመጨረሻ «ቱ» የምትለዋን ቃል ይጠንቀቁ። ከኋላዋ ስም ከመጣ፣ እንደ «ቱ ደሴ»፣ ሐረጉ መስተዋድዳዊ ነው። እንደ «ቱ ዎርክ ኢን ኤ ፋክተሪ» ጥሬ ግስ ከተከተላት ግን ንዑስ አንቀጻዊ (በእንግሊዝኛው ኢንፊኒቲቭ) ነው። «ዎርክ» ስምም ግስም ስለሚሆን «ሺ ዌንት ቱ ዎርክ» በሁለቱም መንገድ ሊነበብ ይችላል፤ እዚህ ላይ የሚፈርደው ዙሪያው ያለው ጽሑፍ ነው።