ኤች አር በኦንላይን እንዴት ይጠናል? አዋጁን ከጎን አድርጎ

የሰው ሀብት አስተዳደርን (ኤች አር) በኦንላይን የጀመርኩ ሰሞን ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ማታ ማታ ቪዲዮ አያለሁ፣ ጥያቄውን እመልሳለሁ፣ ከመቶ 90 አግኝቼ እተኛለሁ። አንድ ቀን ምሳ ላይ አብራኝ የምትሠራ ልጅ "አንተ ኤች አር እየተማርክ አይደል? እዚህ ቤት 5 ዓመት ሞላኝ፣ የዓመት ፈቃዴ ስንት ቀን ነው?" አለችኝ። ሽሮው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ኮርሱ የአሜሪካ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ደግሞ የግል አሠሪ ደመወዝ እየከፈለ የዓመት ፈቃድ እንዲሰጥ አይገደድም። ስለዚህ እኔ ፈቃድን የተማርኩት ሠራተኛ ለመሳብ እንደሚሰጥ ጥቅማ ጥቅም ነው። እሷ የጠየቀችኝ ግን መብቷን ነው። መልሱ በእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 18 የሥራ ቀን ነበር፤ ለመጀመሪያው ዓመት 16፣ ከዚያ በየ2 ዓመቱ 1 እየተጨመረ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሆናችሁ በኦንላይን የምትማሩ ከሆነ እንዲህ ብታደርጉት እላለሁ።

1. ወረቀቱን ነው ወይስ ሙያውን?

ዲግሪ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ጋ አጣሩ። ኮሌጁ ፈቃድ አለው ማለት እናንተ የምትገቡበት ፕሮግራም ፈቃድ አለው ማለት አይደለም። በመደበኛ እንዲያስተምር የተፈቀደለት ኮሌጅ በርቀት ወይም በኦንላይን ላይፈቀድለት ይችላል። ቴሌግራም ላይ የተለቀቀ ፖስተር ማስረጃ አይሆንም። የመጀመሪያ ዲግሪ ከሆነ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ የግል ኮሌጅ ተማሪም አይቀርለትም፣ ማለፊያውም 50 ከመቶ ነው። የውጭ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ የአቻ ግምት ጉዳይ ይመጣል፣ ዲግሪው እዚህ ከየትኛው ጋር እኩል እንደሚቆጠር ማለት ነው። እሱንም ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ከተመረቃችሁ በኋላ አይደለም።

ሙያው ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ነገሩ ይቀላል። ኮርሴራ በሚባለው የኦንላይን ኮርስ ድረ ገጽ ላይ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ተከታታይ ኮርስ አለ፤ ቅጥርን፣ የሥራ አፈጻጸምን፣ ከዚያ ክፍያን ያስተምራል። ለጀማሪ እሱን ነው የምመክረው። መክፈል ካልቻላችሁ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ አለው፤ ለምን እንደፈለጋችሁት በራሳችሁ ቃል ጻፉ፣ ከሰው አትቅዱ።

2. አዋጁን አሳትሙት

ስልክ ላይ ማውረድ አይበቃም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አሳትማችሁ አስጠርዙት። ከዚያ ደብተር ግዙና ገጹን ለሁለት ክፈሉት፤ በግራ ኮርሱ ያለውን፣ በቀኝ አዋጁ የሚለውን። የእኔ ትምህርት የተለወጠው በዚህ ደብተር ነው።

ለምሳሌ ስለ ስንብት ስትማሩ ኮርሱ በአብዛኛው የአሜሪካ ግዛት አሠሪ ያለ ምክንያት ማሰናበት እንደሚችል ይነግራችኋል። በግራ ጻፉት። በቀኝ በኩል ደግሞ የእኛ አዋጅ ምክንያት እንደሚጠይቅ፣ ያለማስጠንቀቂያ ለማሰናበት እንኳ ምክንያቶቹን አንድ በአንድ እንደዘረዘረ ጻፉ። ማርፈድ ከሆነ በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ፣ መቅረት ከሆነ በ6 ወር ውስጥ በጠቅላላው 5 ቀን፣ ያውም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው። "በጽሑፍ" የምትለዋን አስምሩባት። በቃል ሲቆጡት ከርመው በመጨረሻ የሚያባርሩት አሠሪ ክርክር ቢነሳ የሚያቀርበው ወረቀት የለውም፣ ያ ፋይል ደግሞ የኤች አሩ ጥፋት ተደርጎ ነው የሚታየው።

በቀኝ በኩል መግባት ያለባቸው ሌሎችም አሉ። የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ነው፤ "3 ወር ፕሮቤሽን" የሚባለው የልማድ አነጋገር ነው። የወሊድ ፈቃድ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ነው። ለአባት 3 ተከታታይ ቀን። የሕመም ፈቃድ እስከ 6 ወር ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወር በግማሽ፣ የቀሩት 3 ያለ ክፍያ። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት።

መንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠሩ ከሆነ ይህ አዋጅ እናንተን አይመለከትም፤ የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸው ሕግ አላቸው፣ እሱን አሳትሙ። የሚያስቀኝ ነገር ደግሞ፣ አዋጁ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን ያለውን የሥራ መሪም አይሸፍንም። ጠዋት ማታ አዋጁን ይዞ የሚዞረው የኤች አር ሥራ አስኪያጅ ራሱ ብዙ ጊዜ ከአዋጁ ውጭ ነው።

3. ሰዓት

ትንሽ ነገር ይመስላል፣ እኔን ግን አንድ አሳይመንት አስበልቶኛል። ማስረከቢያው በኒውዮርክ አቆጣጠር "ሐሙስ 12:00 ኤኤም" ይላል። ሐሙስ ማታ 12 ሰዓት ነው ብዬ ከሥራ ስመለስ ልልከው አሰብኩ። ለካ እነሱ ሐሙስ የሚጀምርበትን እኩለ ሌሊት ነው የሚሉት፤ በእኛ ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት መሆኑ ነው፣ በበጋቸው ደግሞ 1 ሰዓት። ማታ ስከፍተው ተዘግቷል። አሁን ማስረከቢያ ሁሉ በሐበሻ ሰዓት ተተርጉሞ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ የምልከውም አንድ ቀን ቀድሜ ነው። መብራትና ኔትወርክ ቀጠሮ አያከብሩማ። ቪዲዮውን ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዱ፣ ጽሑፉን ደግሞ በየታክሲው አንብቡት።

4. ፔይሮል (የደመወዝ ስሌት) በእጃችሁ ሥሩ

ኦንላይን ኮርስ ስለ ክፍያ ፍልስፍና ብዙ ያወራል፤ ቢሮ ስትገቡ ግን የሚሰጧችሁ ኤክሴል ነው። ስለዚህ አንድ ምናባዊ ሠራተኛ ያዙና ደመወዙን 12,000 ብር አድርጉት። ከሠራተኛው ጡረታ 7 ከመቶ፣ ማለትም 840 ብር ይቆረጣል። አሠሪው 11 ከመቶ፣ 1,320 ብር በራሱ ያስገባል፤ ይህን ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ እንዳትቀንሱት፣ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ግብሩ በ2017 በተሻሻለው ሠንጠረዥ ሲሰላ 2,250 ብር ይመጣል፣ 12,000ው በ30 ከመቶ ተባዝቶ 1,350 ሲቀነስለት። እጁ ላይ የሚደርሰው 8,910 ብር ነው። ከጓደኛ የተዋስከው የድሮ ኤክሴል ካለህ ቀመሩን እየው፣ ከግብር ነፃ የሚለው 600 ብር ላይ ከሆነ ጊዜው አልፎበታል፤ አሁን 2,000 ነው።

ከዚያ ትርፍ ሰዓት ጨምሩበት። ብዙ ቢሮ ወርሃዊ ደመወዙን ለ208 ሰዓት ያካፍለዋል፣ 26 ቀን በ8 ሰዓት መሆኑ ነው። 12,000 ለ208 ሲካፈል 57 ብር ከ69 ሳንቲም። ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ በ1.75 ይባዛል። ቀን ላይ 10 ሰዓት ትርፍ የሠራ 865 ብር ከ38 ሳንቲም ያገኛል ማለት ነው። ግብሩን እንደገና አስሉት፣ ገቢው ጨምሯልና።

ይህን ለ5 የተለያዩ ደመወዞች ሳታዩ እስክትሠሩ ድረስ ወደ ቀጣዩ ክፍል ባትሄዱ ይሻላል።

5. ኮርሱ የማያውቃቸው ነገሮች

እዚህ ጋ ቁጭ ብላችሁ ከአንድ ነባር የኤች አር ሰው ጋር ቡና መጠጣት አለባችሁ። ስለ ዋስ ጠይቁ። እኛ ጋ ገንዘብ ወይም ንብረት የሚረከብ ሠራተኛ ዋስ አምጣ ይባላል፣ የዋሱ መሥሪያ ቤት ደግሞ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ያን ደብዳቤ የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። ስለ ክሊራንስ ጠይቁ፣ ሠራተኛ ሲለቅ የተረከበውን መመለሱ የሚረጋገጥበት ማለት ነው። ከደመወዝ ላይ ስለሚቆረጠው የብድርና ቁጠባ ማኅበር መዋጮ ጠይቁ። ስለ ሥራ ልምድ ደብዳቤ ጠይቁ። የውጭ መምህር አንዱንም አያነሳላችሁም፣ የመጀመሪያ ሳምንት ሥራችሁ ግን እነዚህ ናቸው።

የሥራ አፈጻጸም ምዘና ላይ ግን ኮርሱን ልብ ብላችሁ ስሙት። አለቃ ለሁሉም ሰው ከፍተኛ ነጥብ ሲሰጥ ትምህርቱ የምዘና ስህተት ይለዋል፣ እኛ ይሉኝታ እንለዋለን። 20 ሠራተኛ ባለበት ክፍል 20ውም "በጣም ጥሩ" የሚሆኑት ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ቅጹን መቀየር ብቻ አይመስለኝም። አለቃው በየወሩ ምን እንዳየ ሁለት መስመር እንዲጽፍ ማድረግ ይሻላል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ፊት ለፊት ተቀምጦ ከሚያፍር ማስታወሻውን ያነብባል። አሳይመንት ሲሰጣችሁ ስለ ጎግል አትጻፉ፣ ስለዚህ ጻፉ። አብረዋችሁ ኮርሱን የሚወስዱት ናቸው የሚያርሙት፤ አንዷ ከፊሊፒንስ ይሉኝታን ስገልጽላት "እኛም አለን" ብላ የእነሱን ቃል ጻፈችልኝ።

6. ሥራ ስትፈልጉ

ሰርተፍኬቱን ሲቪው ላይ በአንድ መስመር አስገቡት፣ ይበቃዋል። ይልቅ የሠራችሁትን ይዛችሁ ሂዱ። አንድ የሥራ መደብ መግለጫ፣ አንድ የቅጥር ደብዳቤ፣ አንድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ያ የፔይሮል ኤክሴል። የእውነተኛ ሰው ስምና ደመወዝ ግን አይኑርበት፤ የሰው ፋይል ይዞ ቃለ መጠይቅ የመጣን ሰው ማን ኤች አር ላይ ያስቀምጠዋል?

እኔን የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነበር። "ሠራተኛው 4 ቀን ቀርቷል፣ አለቃው ዛሬውኑ አሰናብቱልኝ ይላል፣ ምን ታደርጋለህ?" ደብተሬ በቀኝ በኩል ትዝ አለኝ። "መጀመሪያ ፋይሉን አያለሁ" አልኩ፣ "የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አለው?"