ለወደመ ክላሲክ መኪናዎ የቀረበው የመድን ካሳ ሲያንስ በብሪታንያ እንዴት እንደሚከራከሩ

በብሪታንያ አንድ መኪና አደጋ ሲደርስበት የመድን ድርጅቱ የጥገናውን ወጪ ከመኪናው ዋጋ ጋር ያነጻጽርና፣ ማስጠገኑ አያዋጣም ብሎ ካመነ መኪናውን እንደ ሙሉ ውድመት ቆጥሮ ለባለቤቱ ገንዘብ ይከፍላል። መኪናው በየመንገዱ የሚታይ ዓይነት ከሆነ ዋጋው እምብዛም አያከራክርም፤ ነገር ግን አርባና ሃምሳ ዓመት ያስቆጠረ፣ በባለቤቱ እንክብካቤ እዚህ የደረሰ ቮልስ ወይም መርሰዲስ ሲሆን፣ በመጀመሪያ የሚቀርበው ገንዘብ ተመሳሳይ መኪና ለመግዛት የማይበቃ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ወደ አገሩ በቅርቡ የገባ ሰው ከትልቅ ድርጅት የመጣን ደብዳቤ እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ቆጥሮ ፈርሞ ቢመልስ አይገርምም። ሆኖም ደብዳቤው የክፍያ ሐሳብ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ መኪናው አደጋው ሊደርስበት ሲል ምን ያህል ያወጣ እንደነበር በማስረጃ ማሳየት ለቻለ ሰው ሊሻሻል ይችላል።

ከሁሉ በፊት የመድን ውልዎን አውጥተው ካሳው በምን መሠረት እንደሚሰላ ያንብቡ። ለክላሲክ መኪና ከሚሸጡት ውሎች አንዳንዶቹ በስምምነት በተወሰነ ዋጋ ላይ የቆሙ ናቸው፤ ማለትም ውሉ ሲገባ ፎቶግራፍና የዋጋ ግምት ቀርቦ፣ መኪናው ቢወድም ይህን ያህል ይከፈላል ተብሎ አስቀድሞ ተጽፏል። እንዲህ ያለ ውል ካለዎት ክርክሩ አጭር ነው፤ የስምምነቱ ጊዜ አለማለፉን ማረጋገጥና ሰነዱን ማሳየት ይበቃል። ሌሎቹ ውሎች የሚከፍሉት የገበያ ዋጋ ነው፤ ይህም በዓይነቱ፣ በሞዴሉ፣ በዕድሜው፣ በይዞታውና በተጓዘው ማይል ተመሳሳይ የሆነ መኪና ለመተካት የሚያስፈልገው ገንዘብ ነው። ውሉን ሲገቡ መኪናዬ ይህን ያህል ያወጣል ብለው በቅጹ ላይ የሞሉት ቁጥር ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም፤ ድርጅቱ ያንን ቁጥር የመክፈል ግዴታ የለበትም፤ እንዲያውም በአንዳንድ ውሎች ቁጥሩ እንደ ጣሪያ ብቻ ያገለግላል።

ድርጅቶቹ የገበያ ዋጋን በአብዛኛው የሚያወጡት ለንግዱ ከተዘጋጁ የዋጋ መመሪያዎች ነው። መመሪያዎቹ በብዛት ለሚሸጡ መኪናዎች ጥሩ ይሠራሉ፤ አልፎ አልፎ ብቻ ለገበያ ለሚቀርብ አሮጌ ሞዴል ግን ወይ ጭራሹን ዋጋ አያሰፍሩም፣ ወይ ያሰፈሩት ግምት መካከለኛ ይዞታ ላለው መኪና የተሰላ ነው። ስለዚህ «ለምን አነሰ?» ከማለትዎ በፊት «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ብለው ይጠይቁ፤ የትኛው መመሪያ እንደታየ፣ ገማቹ መኪናውን በአካል ማየት አለማየቱ፣ በምን ምክንያት ምን ያህል እንደተቀነሰ በጽሑፍ እንዲገለጽልዎት ያድርጉ። የአገሪቱ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 ለመድን ድርጅቶች ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ከትክክለኛው የገበያ ዋጋ በታች አቅርቦ ደንበኛው ሲያማርር ብቻ መጨመር ተገቢ እንዳልሆነ ገልጿል። ይህን በደብዳቤዎ መጥቀስ አይከፋም፤ ብቻውን ግን አንድ ፓውንድ አያስጨምርም።

የሚያስጨምረው ማስረጃ ነው። ከማስረጃዎች ሁሉ ክብደት ያለው በተመሳሳይ ዓመት የተሠራ፣ ተመሳሳይ ሞተርና ተቀራራቢ ይዞታ ያለው መኪና በአደጋው ሰሞን ስንት እንደተሸጠ የሚያሳይ ነው። የሽያጭ ማስታወቂያ ሻጩ የጠየቀውን እንጂ ገዢው የከፈለውን ስለማያሳይ ድርጅቱ ሊያጣጥለው ይችላል፤ የጨረታ ቤት ውጤት ግን የተከፈለ ዋጋ ስለሆነ ጠንከር ይላል፤ ገዢው በዋጋው ላይ ለጨረታ ቤቱ የሚጨምረው ኮሚሽን መካተት አለመካተቱን ብቻ ያጣሩ። መኪናው ከተሸጠ ማስታወቂያው ስለሚጠፋ፣ ያገኙትን ሁሉ ቀኑ እንደሚታይ አድርገው በዚያው ዕለት ያስቀምጡ። በጣም የሚመሳሰሉ ጥቂት መኪናዎች፣ በስም ብቻ ከሚገናኙ ብዙ መኪናዎች ይሻላሉ፤ የተሟላ እድሳት የተደረገለትን መኪና ዋጋ ይዞ ዝገት ላለበት መኪና መከራከር ግን የቀረውንም ማስረጃ ተአማኒነት ያሳጣል።

ቀጥሎ የመኪናዎን ይዞታ ማሳየት ያስፈልጋል። ከአደጋው በፊት የተነሱ ፎቶግራፎች፣ የጋራዥ ደረሰኞችና የመለዋወጫ ግዢ ሰነዶች እዚህ ላይ ይጠቅማሉ። ኤም ኦ ቲ የሚባለው ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ታሪክ በሰሌዳ ቁጥሩ ከመንግሥት ድረ ገጽ በነጻ ይገኛል፤ የተጓዘውንም ማይል ያስረዳል። ከ40 ዓመት በላይ የሆናቸውና ብዙ ያልተለወጡ መኪናዎች ግን እ.ኤ.አ. ከሜይ 2018 ጀምሮ ከዚህ ምርመራ ነጻ ስለሆኑ፣ ባለቤቱ በፈቃዱ ካላስመረመረ የቅርብ ጊዜ ማስረጃ ላይኖር ይችላል፤ ያኔ መኪናውን የሚያውቅ መካኒክ ወይም የሞዴሉ ባለቤቶች ማኅበር የሚጽፈው ደብዳቤ ክፍተቱን ይሞላል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ለእድሳት 5,000 ፓውንድ ማውጣትዎ የመኪናውን ዋጋ በ5,000 ፓውንድ ጨምሯል ማለት አይደለም። ደረሰኙ የሚያስረዳው መኪናው በምን ይዞታ ላይ እንደነበር ነው። ሞተር ወይም ሌላ ዋና ክፍል ለውጠው ሳያሳውቁ ቀርተው ከሆነም፣ ድርጅቱ ቢያውቅ ኖሮ ያስከፍል የነበረውን አረቦን አስልቶ ካሳውን በዚያው መጠን ሊቀንስ እንደሚችል ይወቁ።

ደብዳቤዎ አጭር፣ የሚፈልጉትን ቁጥር በግልጽ የሚናገርና ቁጥሩ ከየትኞቹ ማስረጃዎች እንደወጣ የሚያሳይ ይሁን። መኪናው ለቤተሰቡ ምን ያህል ውድ እንደነበር መተረክ ስሜትን ቢያቀልም ዋጋውን አይለውጥም። በስልክ የተነገረዎትን ሁሉ በዚያው ቀን በኢሜይል ጽፈው ያረጋግጡ፤ በእንግሊዝኛ መነጋገር ለሚከብደው ሰው ይህ ልማድ ድርብ ጥቅም አለው። ክርክሩ ሳያልቅ መኪናው እንዳይሸጥ ወይም እንዳይጨፈለቅ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ያላከራከረው ገንዘብ ለጊዜው እንዲከፈልዎትና መቀበልዎ የመጨረሻ ስምምነት ተደርጎ እንዳይቆጠርም እንዲሁ። ከካሳው ላይ በውሉ መሠረት የራስዎ ድርሻ እንደሚቀነስ፣ በየወሩ የሚከፍሉት ቀሪ አረቦን ካለም አብሮ ሊቀነስ እንደሚችል አስቀድመው ያስቡ።

ብዙ የክላሲክ መኪና ባለቤቶች ቅሪቱን ራሳቸው ማስቀረት ይፈልጋሉ፤ የሚቻል መሆኑን የሚወስነው መኪናው የተሰጠው ምድብ ነው። ኤ ወይም ቢ የተባለ ወደ መንገድ አይመለስም፤ ከቢ ላይ መለዋወጫ ብቻ ይወሰዳል። ኤስ ማለት አካሉን የሚሸከመው መዋቅር ተጎድቷል ነገር ግን ሊጠገን ይችላል ማለት ሲሆን፣ በኤን ምድብ መዋቅሩ አልተነካም። ድርጅቱ የቅሪቱን ዋጋ ከካሳው ቀንሶ ይመልስልዎታል። የኤስ ምድብ ከሆነ ሊብሬውን ለድርጅቱ ልከው በቪ 62 ቅጽ ያለ ክፍያ ሌላ ያወጣሉ፤ የኤን ከሆነ ሊብሬው በእጅዎ ይቆያል። መኪናውን ለድርጅቱ ከለቀቁ ደግሞ ለመኪናና አሽከርካሪዎች መዝገብ መሥሪያ ቤቱ፣ ለዲ ቪ ኤል ኤ፣ ያሳውቁ፤ አለማሳወቅ እስከ 1,000 ፓውንድ ያስቀጣል።

ድርጅቱ ቁጥሩን ካልለወጠ «ይህ መደበኛ ቅሬታ ነው» ብለው ይጻፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጨረሻ ምላሽ ለመስጠት 8 ሳምንት አለው። ምላሹ ካላረካዎት ወይም ጊዜው ካለፈ፣ ፋይናንሻል ኦምቡድስማን ሰርቪስ ወደሚባለው የፋይናንስ እንባ ጠባቂ ይሂዱ፤ የመጨረሻው ምላሽ ከተሰጠበት ቀን አንስቶ ያለዎት ጊዜ 6 ወር ነው። አገልግሎቱ ለሸማች ነጻ ስለሆነ ጠበቃ መቅጠር አያስፈልግም። ይህ መንገድ የሚሠራው ከራስዎ መድን ድርጅት ጋር ሲከራከሩ ነው፤ በሌላው አሽከርካሪ ጥፋት ምክንያት የእርሱን መድን ድርጅት በቀጥታ እየጠየቁ ከሆነ የዚያ ድርጅት ደንበኛ ስላልሆኑ የሚቀረው ፍርድ ቤት ነው፤ በእንግሊዝና በዌልስ እስከ 10,000 ፓውንድ ያለው እንዲህ ያለ ክርክር ቀለል ባለው የአነስተኛ ጥያቄዎች ሥርዓት ይታያል። የእንባ ጠባቂው የመጨረሻ ውሳኔ እርስዎ ከተቀበሉት ድርጅቱንም እርስዎንም ያስገድዳል፤ ካልተቀበሉት ፍርድ ቤት የመሄድ መብትዎ ስለሚጠበቅ፣ መልስ እንዲሰጡ በደብዳቤው የተጻፈው ቀን ሳያልፍ አመዛዝነው ይወስኑ።