የጋዜጠኞችን አመኔታ ማግኘት የሚፈልግ ባለሙያ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጋዜጠኛ አንድን ባለሙያ ደጋግሞ የሚጠይቀው የሰጠው ማብራሪያ ከታተመ በኋላ እርማት የማያስወጣው ሆኖ ሲያገኘው ነው። ይህን አመኔታ የሚያሳጡ ስህተቶች የሚፈጸሙት፣ ብዙውን ጊዜ፣ ጉዳያቸውን ጠንቅቀው በሚያውቁ ሰዎች ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ማስረጃው ከሚፈቅደው በላይ መናገር ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ብሪታንያዊው ሐኪም አንድሪው ዌክፊልድ ከባልደረቦቹ ጋር 12 ሕፃናትን የተመለከተ ጽሑፍ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተመ። ጽሑፉ ራሱ በኩፍኝ፣ በጆሮ ደግፍና በሩቤላ ጥምር ክትባት እና በሕፃናቱ ላይ በተገለጸው ሕመም መካከል ግንኙነት መኖሩን እንዳላረጋገጠ ቢገልጽም፣ ዌክፊልድ ለጋዜጠኞች በተሰጠው መግለጫ ላይ ክትባቶቹ በተናጠል ቢሰጡ እንደሚሻል ተናገረ፤ ከዚያም በብሪታንያ የሚከተቡ ሕፃናት ቁጥር እየቀነሰ ሄደ። ጽሑፉ በ2010 ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ።

ከዚሁ ታሪክ ሁለተኛው ስህተት ይወጣል፤ እርሱም የጥቅም ግንኙነትን መደበቅ ነው። ዌክፊልድ የክትባት አምራቾችን ለመክሰስ ከሚዘጋጁ ጠበቆች ገንዘብ ይቀበል እንደነበር የተጋለጠው በ2004 በጋዜጣ ምርመራ ነው። የምታማክሩት ድርጅት፣ ያላችሁ አክሲዮን ወይም የምርምር ድጋፍ የሰጣችሁ አካል ካለ፣ ሳትጠየቁ ከቃለ መጠይቁ በፊት ግለጹ፤ የተነገረ ግንኙነት በዘገባው ውስጥ አንድ ሐረግ ሆኖ ሲያልፍ፣ የተደበቀው ግን ራሱን የቻለ ዜና ይሆናል።

ቁጥርን ያለ መነሻው መስጠትም አደገኛ ነው። በ1995 በብሪታንያ አንዳንድ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሎች የደም መርጋትን አደጋ በእጥፍ እንደሚጨምሩ ሲነገር፣ ብዙ ሴቶች ደንግጠው እንክብሉን አቋረጡ፤ በቀጣዩ ዓመት የውርጃ ቁጥር ጨመረ። እጥፍ የተባለው ግን ከ7,000 ሴቶች ከአንዷ ወደ ሁለት ከፍ ማለቱን ነበር። ሁለቱንም ቁጥሮች አብሮ መናገር የባለሙያው ግዴታ ነው፤ ጋዜጠኛው ይህን ይጠይቃል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

በአሠራር በኩል የሚፈጸሙትም ቀላል አይደሉም። የዜና ክፍል የሚሠራው በሰዓት ስለሆነ፣ ነገ የሚደርስ ምርጥ መልስ ዛሬ ከሚደርስ በቂ መልስ ያነሰ ዋጋ አለው፤ መመለስ ካልቻላችሁ ወዲያውኑ ተናግራችሁ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ጠቁሙ። ተናግራችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ «ይህ እንዳይጻፍ» ማለት ብዙም አያዋጣም፤ ምን በስም እንደሚጠቀስ፣ ምን ለግንዛቤ ብቻ እንደሚውል መስማማት የሚቻለው ከመናገር በፊት ነውና። ዘገባውን ሳይታተም ለማንበብ መጠየቅንም ብዙ የዜና ተቋማት አይቀበሉትም፤ በምትኩ በእናንተ ስም የሚጠቀሰው አባባል ወይም አንድ ቴክኒካዊ ነጥብ እንዲጣራ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ዘገባው ከወጣ በኋላ በርዕሱ ተናዶ ዘጋቢውን መውቀስም የተለመደ ነው፤ ርዕሱን ግን በብዙ ጋዜጦች የሚጽፈው አርታኢው ነው። እውነተኛ ስህተት ካገኛችሁ የተሳሳተውን ዓረፍተ ነገር፣ ትክክለኛውን አገላለጽና ማስረጃውን በአጭሩ ጽፋችሁ በዚያው ቀን ላኩ።