ስኳርና ደም ግፊት ያለበትን ሰው ከመውደቅ እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

እናቴ ከስኳርና ከደም ግፊት ጋር መኖር ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ጎንደር፣ ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ብዙም በማይርቀው ቤታችን እንዳይወድቁብኝ ስል ምንጣፉን አነሣሁ፣ ከፍ ያለውን የበር ደፍ አስተካከልሁ፤ እርሳቸው ግን የወደቁት የኪዳን ደወል ሰምተው ከአልጋቸው ፈጥነው የተነሡ ዕለት ነው። የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ስለዚህ ከአነሣሥ እጀምራለሁ።

ሰው ከተኛበት ሲነሣ ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል፤ ጤነኛ ሰውነት የደም ሥሮቹን አጥብቦ ግፊቱን ወዲያው ያስተካክላል። ስኳር ይህን የሚቆጣጠሩትን ነርቮች ሲጎዳ፣ የግፊትና የሚያሸና መድኃኒትም ሲታከልበት ዓይን ይጨልማል፣ ጉልበት ይከዳል። ታማሚው በአልጋው ጠርዝ ተቀምጦ፣ ሁለቱን እግሮቹን መሬት አስነክቶ፣ የእግር ጣቶቹን ዐሥር ጊዜ ያህል ወደ ላይ ያንሣ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቆይ፤ ከዚያም የማይነቃነቅ ነገር ይዞ ይቁም፤ ካዞረው መልሶ ይቀመጥ። እናቴ አሁን ተቀምጠው አቡነ ዘበሰማያት ሳይደግሙ አይቆሙም።

የእኔ ስሕተት ግፊታቸውን ሁልጊዜ ተቀምጠው ብቻ መለካቴ ነበር። ለ5 ደቂቃ ተኝተው፣ ከዚያም በቆሙ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይለካ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ለሐኪም መንገር ይገባል፤ መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው። የሚያሸናው መድኃኒት ጠዋት ይወሰድ እንደሆነም ሐኪሙን መጠየቅ ከሌሊት ምልልስ ያሳርፋል።

ስኳር እግርን ስለሚያደነዝዝ ከፍ ያለ ተረከዝ የሌለው፣ ከኋላ የሚይዝ ጫማ ይመረጣል፤ ነጠላ ጫማ ከእግር ሲወልቅ እንኳ ላይሰማ ይችላል። መብራት ሲጠፋ የምትበራ ባትሪ ከትራስ ሥር፣ ፖፖም ከአልጋው አጠገብ ትቀመጥ። ለበዓል የሚጎዘጎዘውን ቀጤማ አልከለክልም፤ ነገር ግን እርጥቡ ስለሚያንሸራትት ከመተላለፊያው ይራቅ።

ቤት ውስጥ ስለተገኘ ብቻ መቋሚያን ለምርኩዝነት መስጠት አይገባም፤ ቁመቱ ይረዝማል። ምርኩዝ ቀጥ ብለው ሲቆሙ የእጅ አንጓ ላይ የሚደርስ፣ ጫፉ ጎማ ያለው ይሁን፤ የሚያዘውም ከደካማው እግር በተቃራኒው እጅ ነው። በክረምት የከተማችን ቁልቁለት ድንጋይ ሲረጥብ ያለ ደጋፊ አይወጣ።

ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የወደቀ ሰው ቢኖር በብብቱ ይዞ መጎተት አይገባም። ራሱን ከተመታ፣ ዳሌው ካመመው ወይም እግሩን ማንሣት ካቃተው እንደተኛ ሙቀት እንዲያገኝ ጋቢ አልብሶ የሕክምና እርዳታ መጥራት ያስፈልጋል።