በሁለተኛ ቋንቋ የተጠቃሚ ሙከራን ያቀለለልኝ ዘዴ

በውጭ አገር የተጠቃሚ ተሞክሮ ዲዛይን (መተግበሪያዎችን ለተጠቃሚው ምቹ አድርጎ የመንደፍ ሙያ) በማስተርስ ደረጃ ስማር እጅግ የከበደኝ፣ ተሳታፊው መተግበሪያውን እየተጠቀመ ሐሳቡን ጮክ ብሎ ሲናገር በሁለተኛ ቋንቋዬ እያዳመጥሁ፣ ስክሪኑን እየተከታተልሁና ማስታወሻ እየያዝሁ የተጠቃሚ ሙከራን፣ ማለትም ሰዎች መተግበሪያን ሲጠቀሙ የት እንደሚቸገሩ የሚታይበትን ሙከራ፣ መምራት ነበር። ሰው ሲያመነታ የሚያንጠባጥባቸው ያልተጠናቀቁ ዓረፍተ ነገሮች ዋነኛ መረጃ ናቸው፤ የሚያመልጡኝም እነርሱ ነበሩ።

መፍትሔው ተግባሩን መፈጸምንና ስለ እርሱ መናገርን በጊዜ መለየት ሆነ። አሁን ተሳታፊው በመተግበሪያው ላይ የተሰጠውን ተግባር በዝምታ ይፈጽማል፣ የስክሪኑም እንቅስቃሴ ይቀረጻል፤ ወዲያውም ቅጂውን አብረን እየተመለከትን፣ ባመነታበት ቦታ ላይ አቆምና «እዚህ ላይ ምን ይመጣል ብለው ጠብቀው ነበር?» እላለሁ። ይህ አሠራር በሁለተኛ ቋንቋቸው ለሚናገሩ ተሳታፊዎችም እፎይታ ይሰጣል፤ በተግባሩ ላይ የፈጀውንም ጊዜ ንግግር ሳያዛባው ለመለካት ያስችላል።

ጉድለቱ ግን ቀላል አይደለም፤ ሰው ያደረገውን ዘግይቶ ሲያስረዳ ያላሰበውን ምክንያት ሊፈጥር ይችላልና፣ ተግባራቱን አጫጭር አደርጋለሁ፣ ቃለ መጠይቁንም ለሌላ ቀን አላሳድርም። ቀረጻው የሥነ ምግባር ፈቃድና የተሳታፊውን የጽሑፍ ስምምነት ስለሚጠይቅ፣ የስምምነት ቅጹን አስቀድሞ ማሻሻል ግድ ነው። የመግቢያውንም ገለጻ ጽፌ ለሁሉም በአንድ ዓይነት ቃል አነባለሁ።