እጅ ሲያም ቫይታሚን መቼ ይረዳል? ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሔው

በቸርችል ጎዳና አካባቢ በምሠራበት መድኃኒት ቤት፣ እጁን እያሻሸ ገብቶ «የነርቭ ቫይታሚን ስጡኝ» የሚል ሰው የማይመጣበት ቀን የለም ማለት ይቻላል። እኔም አስቀድሜ የምጠይቀው የትኛው ጣት እንደሚያመውና በየትኛው ሰዓት እንደሚብስበት ነው፤ ምክንያቱም ቫይታሚን የእጅ ሕመምን የሚያስታግሰው ሕመሙ የመጣው ከዚያው ቫይታሚን እጥረት ሲሆን ነው። አንድ እጅ በድንገት ከዛለ ወይም አፍ ከተጣመመ፣ አለዚያም የክንድ ሕመም ከደረት መጨነቅ ጋር ከመጣ፣ ወደ መድኃኒት ቤት ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ሁለቱም እጆችና እግሮች ይደነዝዛሉ፣ ያቃጥላሉ

ድንዛዜው ብዙውን ጊዜ ከእግር ጣቶች ጀምሮ በኋላ ሁለቱንም እጆች ጓንት ያጠለቁ ያህል ሲይዝ፣ ከዚህም ጋር ድካም፣ የምላስ መቃጠል ወይም በጨለማ ሲራመዱ መንገዳገድ ሲኖር፣ ቀድመው የሚጠረጠሩት የስኳር በሽታና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ናቸው። ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው በሥጋ፣ በጉበት፣ በዓሣ፣ በእንቁላልና በወተት ውስጥ ስለሆነ፣ በሽሮ፣ በምስርና በጎመን ብቻ የሚኖር ሰው የቱንም ያህል ጠግቦ ቢበላ በቂውን አያገኝም። ይህን ስል ጾምን መንቀፌ አይደለም፤ የጤነኛ ሰው ጉበት ቢ12ን ለዓመታት ስለሚያከማች፣ 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀናት መጾም ብቻውን እጥረት አያመጣም። ችግሩ የሚበረታው ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳት ተዋጽኦ በራቀ አመጋገብ ላይ ለስኳር በሽታ የሚወሰደው ሜትፎርሚን ወይም ለጨጓራ ለዓመታት የሚዋጠው ኦሜፕራዞል ሲደረብበት ነው፤ ሁለቱም ቢ12 ወደ ሰውነት የሚገባበትን መጠን ይቀንሳሉ።

መፍትሔው የሚጀምረው ከቢ12 መርፌው ሳይሆን ከደም ምርመራው ነው። መርፌውን አስቀድመው ከተወጉ በደም ውስጥ ያለው የቢ12 መጠን ከፍ ብሎ ስለሚታይ፣ ሐኪሙ እጥረት እንደነበረ ለማወቅ ይቸገራል። በዚያው ዕለት የስኳር መጠንም ይለካ። የአንድ አዋቂ ሰው የዕለት ፍላጎት 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ሲሆን፣ እጥረቱ ሲረጋገጥ የሚታዘዘው ግን ብዙውን ጊዜ 1,000 ማይክሮግራም ነው፤ በመርፌ ይሁን በክኒን የሚለውን የሚወስነው መንስኤው ነው። ጨጓራቸው ቫይታሚኑን ለመምጠጥ የሚያስፈልገውን ፕሮቲን የማያመነጭላቸው ሰዎች ሕክምናውን ዕድሜ ልካቸውን ይከታተላሉ። መሻሻሉ የሚታየው በሳምንታትና በወራት ስለሆነ ሁለት መርፌ ተወግተው ለውጥ አጣሁ ብለው አያቋርጡ፤ ብዙ የቆየ የነርቭ ጉዳት ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ስለሚችልም ምርመራውን አያዘግዩ። ፎሊክ አሲድ የተባለውን ሌላ የቢ ቫይታሚን ብቻውን መውሰድ ደግሞ የቢ12 እጥረት የሚያመጣውን የደም ማነስ እያሻሻለ የነርቭ ጉዳቱ ተሸፍኖ እንዲቀጥል ሊያደርግ ይችላል።

አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሃል ጣት ሌሊት ይደነዝዛሉ

ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስና እጅን ሲያራግፉት ቀለል የሚል ከሆነ፣ ትንሿንም ጣት የማይነካ ከሆነ፣ በእጅ አንጓ በኩል በጠባብ መተላለፊያ የሚያልፈው ነርቭ ተጨንቋል ማለት ሊሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ መቀስ የሚጨብጥ ልብስ ሰፊ፣ ልብስ እያጠበች የምትጨምቅ ሴት፣ ነፍሰ ጡር፣ የታይሮይድ ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ለዚህ ይበልጥ ይጋለጣሉ። ቫይታሚን ቢ6 ለዚህ ሕመም ለብዙ ዓመታት ሲመከር ቢቆይም፣ በጥናት ሲፈተን ግን አስተማማኝ ጥቅም አልታየበትም። ለቫይታሚን የሚያወጡትን ገንዘብ አንጓን ቀጥ አድርጎ ለሚይዝ ማሰሪያ ቢያውሉት ይሻላል፤ ማሰሪያውን ለስድስት ሳምንታት ያህል በየሌሊቱ አስረው ይተኙ። ዕቃ ከእጅ የሚያመልጥ ከሆነ ወይም በአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ከሟሸሸ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ያማክሩ።

ክኒኑን ከጀመሩ ወዲህ ድንዛዜው ባሰ

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ቢ6 ሲያንስ ነርቭን እንደሚጎዳ ሁሉ፣ ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲወሰድም ይጎዳል፤ ሁለቱም የሚያመጡት አንድ ዓይነት ድንዛዜ በመሆኑ ታማሚው «ገና አልበቃኝም» ብሎ መጠኑን ይጨምራል። አንድ ልብስ ሰፊ አባት በዚህ ሁኔታ ወደ እኔ መጥተው «አባባ፣ የሚወስዱትን ሁሉ በፌስታል ይዘውልኝ ይምጡ» ብያቸው ሦስት ዓይነት ክኒን ይዘው መጡ፤ ስማቸው ቢለያይም ሦስቱም ቢ6 ነበረባቸው። የአዋቂ ሰው የዕለት ፍላጎት 1.3 ሚሊግራም አካባቢ ሲሆን፣ ለነርቭ ተብለው ከሚሸጡት መካከል በአንድ ፍሬ 100 ወይም 200 ሚሊግራም የያዙ አሉ። ስለዚህ በየማሸጊያው ላይ «ፓይሪዶክሲን» ከሚለው ቃል (የቢ6 ሌላ ስም ነው) አጠገብ ያለውን ቁጥር አንብበው ይደምሩ። ሐኪም ሳያዝዝልዎት የጀመሩት ከሆነ ያቁሙት፤ ድንዛዜው በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ሊቀንስ ይችላል።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ግን ከዚህ ምክር ውጭ ናቸው። ከነቀርሳ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው አይሶኒያዚድ የሰውነትን ቢ6 ስለሚያሳጣ፣ ቫይታሚኑ አብሮ የሚታዘዘው ነርቭን ለመጠበቅ ነው፤ እነርሱ እጃቸው ከደነዘዘ የነቀርሳውንም ሆነ የቫይታሚኑን ክኒን ሳያቋርጡ ወደሚከታተሉበት ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

መገጣጠሚያ ያብጣል፣ ጠዋት አልታጠፍ ይላል

ይህን ሁሉ በአንድ ስም «ሪህ» ወይም «ቁርጥማት» እንለዋለን። የሁለቱም እጆች ጣቶች አብጠው ጠዋት ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ደርቀው የሚቆዩ ከሆነ፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት ሕመም ሊሆን ስለሚችል ቫይታሚን እየሞከሩ ወራት ማሳለፍ መገጣጠሚያውን ለጉዳት ያጋልጣል። ሕፃን በሚያነሡበት ጊዜ በአውራ ጣት በኩል አንጓ ላይ የሚወጋ ሕመም ደግሞ የጅማት ሽፋን መቆጣት ነው፤ የሚፈልገውም ዕረፍትና ማሰሪያ ነው።

ጣቶች ይኮማተራሉ፣ አጥንት ይጠዘጥዛል

የእጅ ጣቶች ያለፈቃድ ሲኮማተሩና በአፍ ዙሪያ ሲነዝር የካልሲየም ማነስ ይጠረጠራልና ፈጥነው ይመርመሩ። የሚጠዘጥዘው ሰፊ የሰውነት ክፍል ከሆነና ደረጃ መውጣት ከከበደ፣ የቫይታሚን ዲ እጥረት ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ፀሐይ ያላት ከተማ ብትሆንም፣ በሜክሲኮና በለገሃር ሕንፃዎች ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የሚውል ሠራተኛ በመስኮት የምትገባው ፀሐይ አትጠቅመውም፤ ቆዳ ቫይታሚን ዲን የሚሠራበትን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ከምሳ በኋላ ክንድን ገልጦ ጥቂት ደቂቃ ውጭ መራመድ ይረዳል፤ ክኒኑን ግን ሐኪም ባዘዘው መጠን ብቻ ይውሰዱ፤ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከፍ አድርጎ ኩላሊትን ይጎዳል።